የመጀመሪያው ደቂቃና መቶኛው ሰዓት፦ ጌም መሥራት ለምትፈልጉ ወጣቶች

ጌም ለመሥራት የተነሳችሁ ልጆች፣ ተጫዋችን «ለጊዜ ማሳለፊያ የሚነካካ» እና «የለየለት ጌመር» ብላችሁ ለሁለት መክፈል ይቀናችኋል። ክፍፍሉ ለሽያጭ ሰዎች ይጥቀም። እናንተ ግን ስለ አንድ ሰው የመጀመሪያ ደቂቃና መቶኛ ሰዓት ብታስቡ ይሻላል።

ለመጀመሪያው ደቂቃ ዊ የተባለውን የኒንቴንዶን ኮንሶል (ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጌም ማጫወቻ) አጥኑ። በ2006 ሲወጣ ምስሉ ከ480 መስመር አያልፍም፤ በዚያው ዓመት የወጣው ተፎካካሪው ፕሌይስቴሽን 3 ግን ኤችዲ፣ ማለትም በጣም የጠራ ምስል ነበረው። ያም ሆኖ ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ሁለት ዱላና ከአሥር በላይ ቁልፍ ያለው ጆይስቲክ ጀማሪን ያስደነግጣል፤ የዊው ግን የቴሌቪዥን ሪሞት ይመስላል፣ የእጅን ውዝዋዜም ይለካል። ዊ ስፖርትስ በተባለው ጌም ቴኒስ ላይ ገጸ ባሕርዩ ወደ ኳሱ የሚሮጠው በራሱ ነው። ለተጫዋቹ የቀረለት ሥራ በሰዓቱ መምታት ብቻ ነው። ብልሃቱ ያለው ሩጫውን ከተጫዋቹ ላይ በማንሳቱ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ግን በዚህ ቅለት ተስቦ የመጣ ሰው ቶሎ ይሄዳል። ተከታዩ ዊ ዩ በ2012 ወጥቶ ወደ 13 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ተሸጠ። ስሙ ራሱ አዲስ ኮንሶል ይሁን የድሮው ዊ መለዋወጫ አይለይም ነበር። የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚያነበው የማይክሮሶፍት ካሜራ ኪኔክት ደግሞ በ2013 ከኤክስቦክስ ዋን ኮንሶል ጋር በግድ ተጣምሮ ሲመጣ ዋጋውን ከፕሌይስቴሽን 4 በ100 ዶላር አስበለጠው። የለየለት ጌመር ለማይፈልገው ካሜራ ለምን ይክፈል? በዓመቱ ያለ ኪኔክት መሸጥ ተጀመረ።

ጀማሪውንና የለመደውን ያስታረቀ ሥራ ማየት ከፈለጋችሁ በ2017 ለኒንቴንዶው ኮንሶል ስዊች የወጣውን የመኪና እሽቅድምድም ጌም ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ክፈቱ። የመሪ ረዳቱ ሲበራ የአምስት ዓመት ልጅም ከመንገድ አይወጣም። ረዳቱ ግን በሣሩ በኩል የሚያቋርጡትን አቋራጮችም ይከለክላል፤ ስለዚህ መንዳት የለመደ ሰው ማንም ሳይነግረው ያጠፋዋል። ከዚያ መታጠፊያ ላይ መንሸራተትን ይማራል፦ ብልጭታው ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻ ሮዝ ይሆናል፤ በቆየ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል። እርዳታ ስትሰጡ እንዲህ ትንሽ ነገር ያስከፍል።

ለመቶኛው ሰዓት የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም (እየተከታተለ የሚታይ ነጠላ ምስል) ማለት ለአንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ፣ በ30 ደግሞ 33.3 ማለት ነው። የለመደ እጅ ልዩነቱን ያውቀዋል። ቁልፉ ዘገየ ብላችሁ ኮዱን ከመበርበራችሁ በፊት ቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ላይ አድርጉት፤ ምስል የሚያሳምረው ሂደት ራሱ ያዘገያል። ዝላይ ላይ ደግሞ ተጫዋቹ ጠርዙን ካለፈ በኋላ 5 ወይም 6 ፍሬም ያህል ታገሡት፣ ዘግይቶ ቢጫንም ይዝለል። ጀማሪው አለመውደቁን ብቻ ያያል፤ ጎበዙ ጌሙ «ታዛዥ ነው» ይላል።

ሲፈተሽ ጆይስቲክ ይዞ የማያውቅ ሰው አስቀምጡና ዝም በሉ። ቁልፍ ፍለጋ ስንቴ ወደ እጁ እንዳጎነበሰ ቁጠሩ። ሌላውን ሰው ደግሞ ለሦስት ሳምንት አቋርጦ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጉ። አብዛኛው ጌም የሚሸነፈው እዚህ ነው፤ ሰውየው ቁልፎቹን ረስቷል፣ ጌሙ ግን አስቸጋሪው ጠላት ፊት ያቆመዋል። ከዚያ በፊት ፈጽሞ የማይሞትበት አንድ ክፍል ስጡት።