ሙራባሃ ያው ብድር አይደለም እንዴ?

ጥያቄ፦ ትንሽ የልብስ ስፌት ስራ አለኝ፣ ማሽን መጨመር ፈልጌ ነበር ግን ወለድ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ከወለድ ነፃ ባንክ የሚሰጠው ሙራባሃ ይሻልሃል አሉኝ፣ እሱስ ያው ብድር አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፣ በትክክል ከተሰራ። ባንኩ ብር አይሰጥህም፣ ማሽኑን ራሱ ገዝቶ የሱ ከሆነ በኋላ ነው ትርፉን ጨምሮ በዱቤ የሚሸጥልህ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉንም ሊነግርህ ግድ ነው፣ ብትዘገይ እንኳን ዋጋው አይጨምርም። በጣም የምለምንህ ቀድመህ ለራስህ እንዳትገዛው፣ ያንተ የሆነን እቃ መልሶ ሊሸጥልህ አይችልም! ደረሰኙ ላይ ገዢው ማነው የሚለውን እይ።

ለደሞዝና ለኪራይ ግን ሙራባሃ አይሆንም፣ የሚሸጥ እቃ የለማ። እዛ ላይ ሙሻረካ ጠይቅ፣ ባንኩ ሸሪክ ይሆንሃል፣ ትርፉን በተስማማችሁት፣ ኪሳራውን ግን እንደየመዋጯችሁ ትካፈላላችሁ።