«ሲስተር፣ ሰኞ ሰኞ ያፍነኛል»

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል መሥራት ከጀመርኩ 6 ዓመቴ ነው። ሰኞ ሰኞ ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። የፋብሪካው ክሊኒክ ስሄድ ሰልፉ ረጅም ነው፤ «ምን ሆነሽ?» ስባል «ያስለኛል» ብዬ ማስታገሻ ይዤ እወጣለሁ። ያልተናገርኩት ሁሉ ትዝ የሚለኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። አለቃዬ ጆሮ እንዳይገባም እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከጻፉልን ሁሉ ትልቁ ቃል «ሰኞ ሰኞ» የሚለው ነው፤ ክሊኒክ ሲገቡ የሚተዉትም እሱን ነው። ሳል ብቻ የሰማ ባለሙያ ጉንፋን ነው ቢል አይፈረድበትም። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ ሕመም የሚታወቀው ግን በዚሁ ነው፦ ከእረፍት በተመለሱ በመጀመሪያው ቀን፣ ሥራ ከተጀመረ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደረት ይጨመድዳል፤ በማግስቱ ቀለል ይላል። ችላ ሲባል በዓመታት ውስጥ ወደ ሌሎቹ ቀናት ይዛመታል፤ ያኔ ሳንባው ወደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። የያዘዎት እሱ ነው አላልንም፤ የሚለየው ምርመራ ነው።

ለ2 ሳምንት በየቀኑ አንድ መስመር ይጻፉ፦ «ሰኞ፣ የጠዋት ፈረቃ፣ ካርዲንግ ማሽን፣ ከ5 ሰዓት ጀምሮ አፈነኝ፣ ማታ ለቀቀኝ።» የማሽኑን ስም አይዝለሉ፤ ጥጡ የሚበጠርበት ካርዲንግና ጥጡ የሚፈታበት ብሎው ሩም ብናኝ ይበዛባቸዋል። ወረቀቱን ለሲስተሯ ሰጥተው፣ ገና ሳይቀመጡ «ፈትል ክፍል ነኝ፤ ሰኞ ሰኞ ደረቴን ያፍነኛል፤ ከብናኙ ይሆን?» ይበሉ። እንዲህ ሲጠየቅ ባለሙያው መልስ ሳይሰጥ ወደ ክኒኑ ለመሄድ ይከብደዋል። የሥራ ክፍልዎ ካርድዎ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያይዎ ሰው ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምራል። ከፈረቃ በፊትና በኋላ ትንፋሽዎ እንዲለካ ይጠይቁ፤ መለኪያው ከሌለ ደሴ ሆስፒታል ሪፈር ያስጽፉ። ይህ ልመና አይደለም፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አደገኛ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንደ አስፈላጊነቱ የሚመረመረው በአሠሪው ወጪ ነው።

ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ካለ «ለብቻችን እንነጋገር» ማለት ነውር የለውም፤ ምስጢርዎን መጠበቅ የባለሙያው ግዴታ ነው።

አፍንጫን በነጠላ ጫፍ መሸፈን ደቃቁን ብናኝ አያስቀረውም፤ ተገቢውን ማስክ ይጠይቁ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ እስኪያቅት ትንፋሽ ካጠረዎት ደግሞ ሰልፍ አይጠብቁ፤ ቀጥታ ይግቡ።