«ይህ ስም ማን ነው?» በባንክ መግለጫ ላይ ስለሚወጡ የሶፍትዌር ክፍያዎች

ከጅማና ከአካባቢዋ ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ከሒሳቤ ገንዘብ የወሰደው ይህ የማላውቀው ስም ማን ነው? በዚህ ከተማ አንድ ዶላር እንዴት እንደሚገኝ ሁላችንም ስለምናውቅ ጥያቄው ሊዘገይ አይገባውም። ስድስቱን መርጬ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሄርማታ አካባቢ በሚገኝ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ድርጅቱ በውጭ ምንዛሪ ሒሳቡ የሚንቀሳቀስ ካርድ አለው። በየወሩ 49 ዶላር የሚወስድ «ፓድል ዶት ኔት» የሚል ስም መግለጫው ላይ ይወጣል፤ ከኮከብ ምልክት ቀጥሎም የተቆራረጡ ፊደሎች አሉ። እኔም ሆንኩ ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ከሚባል ድርጅት ጋር ተዋውለን አናውቅም። ካርዱ እንዲዘጋ ለባንኩ ላመልክት?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ቢሮዎ የመጣሁት ነገሩ የብዙ ድርጅቶች ችግር ስለሆነ ነው። ያየነውን ሌሎችም እንዲያውቁት ልጻፈው።

መግለጫው የጀንፈል ናሙና በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። 49 ዶላሩ በአራት ወር አራት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። በመጀመሪያ መረዳት ያለብን፣ መግለጫው ላይ የሚወጣው ስም ገንዘቡን የተቀበለው አካል ስም እንጂ የገዛነው ዕቃ ስም ላይሆን እንደሚችል ነው። ብዙ ትናንሽ ሶፍትዌር ሠሪዎች በየአገሩ ግብር መክፈልና ካርድ መቀበል ስለሚከብዳቸው ሽያጩን ለሌላ ድርጅት ይሰጣሉ። ያ ድርጅት በሕግ ፊት ሻጩ እርሱ ይሆናል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ግብሩን ከፍሎ፣ ድርሻውን አንሥቶ ቀሪውን ለሠሪው ያስተላልፋል። መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ፓድል ከእነዚህ አንዱ ነው። የአሜሪካው ፋስትስፕሪንግ «ኤፍ ኤስ» በሚሉ ሁለት ፊደሎች ይመጣል፤ ቱቼክአውት ደግሞ ቁጥር 2 ን አስቀድሞ «ሲ ኦ» ይላል። ከኮከቡ በኋላ ያሉት ፊደሎች የሶፍትዌሩ ስም ናቸው፤ የተቆራረጡት ለስሙ የተፈቀደው ቦታ ብዙውን ጊዜ ከ22 ፊደልና ምልክት ስለማይበልጥ ነው።

ስለዚህ ፍለጋችንን ከስሙ ሳይሆን ከገንዘቡ ልክና ከቀኑ ጀመርን። በኢሜይል ሳጥንዎ ውስጥ «49» ብለን ፈለግን፤ የለም። በሥራ አስኪያጁም ኢሜይል የለም። ፓድል በድረ ገጹ ላይ ኢሜይልና የካርዱን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አስገብቶ ክፍያን መፈለጊያ አለው፤ ነገር ግን ትክክለኛውን ኢሜይል ይፈልጋል። በዚህ መሐል ነው እርስዎ ቀና ብለው «የኮምፒውተሩ ልጅስ?» ያሉት። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ለቆ አጋሮ የገባው ወጣት ማለትዎ ነበር። ስልክ ደወልንለት። ደረሰኙ በየወሩ ለእርሱ የግል ኢሜይል ሲላክ ኖሯል፤ ፕሮግራሙ የጆንያ መለያ ጽሑፍ የሚዘጋጅበት ነው። በአጠገባችን ቆመው ይሰሙን የነበሩት የጥራት ተቆጣጣሪ «እሱንማ በየሳምንቱ እሠራበታለሁ» አሉ።

እንግዲህ ካርዱን ብናዘጋ ኖሮ ጭነት በሚወጣበት ሳምንት ሥራ ይቆም ነበር። በሌላ በኩል ግን በዓመት 588 ዶላር ማንም ሳይፈርምበት ሲወጣ ቆይቷል፤ ይህም ቀላል ጥፋት አይደለም። የምዝገባው ኢሜይል ወደ ድርጅቱ ኢሜይል ይዛወር። ከዚያም አንድ መዝገብ ይክፈቱ፦ የፕሮግራሙ ስም፣ መግለጫው ላይ የሚወጣው ስም፣ ልኩ፣ የሚታደስበት ቀን፣ የሚጠቀምበት ሰው። ሠራተኛ ሲለቅ ከቁልፉና ከማኅተሙ ጋር ይህንንም ያስረክብ።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ካርዱን ስልኬ ላይ አስገብቶልኝ ነበር። ለሦስት ቀን በነጻ የሚሞከር የፎቶ ማስተካከያ አውርጄ ወዲያው አጠፋሁት። አሁን ወንድሜ «በየወሩ 12 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሚቆርጥብኝ ምንድን ነው?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ያጠፋሁት ነገር እንዴት ያስከፍላል?

መልስ፦ ልጄ፣ መተግበሪያውን ከስልክህ ማጥፋት ውሉን አያፈርስም። ውሉ ያለው በስልኩ ውስጥ ሳይሆን በጎግል ወይም በአፕል ዘንድ ባለው አካውንትህ ላይ ነው፤ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ወደ ክፍያ ይሻገራል። በአንድሮይድ ስልክ ፕሌይ ስቶርን ክፈትና ከላይ በስተቀኝ ያለውን ምስልህን ንካ፤ የክፍያዎችና የደንበኝነቶች ክፍል ውስጥ ታገኘዋለህ። በአይፎን ደግሞ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተህ ስምህን ስትነካ ሰብስክሪፕሽንስ የሚል አለ። እዚያው ሰርዘው። የከፈልክበት ወር እስኪያልቅ መሥራቱን ይቀጥላል፤ አትደንግጥ።

ገንዘቡን ስለማስመለስ፣ በጎግል በኩል የተከፈለ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ መጠየቅ የተሻለ ዕድል አለው፤ ከዚያ ካለፈ መተግበሪያውን ለሠራው ድርጅት ጻፍ። ወንድምህን ግን ዛሬውኑ ደውልለትና የሆነውን እንደሆነ ንገረው። በሰው አገር ሌሊት ሠርቶ ያገኘውን ካርድ አምኖ የሰጠህ ሰው ነውና ይህን ከአንተ አፍ መስማት ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ካርዴን አንድ ድረ ገጽ ላይ እንዳስገባሁ 1 ዶላር ተቀነሰ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከመግለጫው ላይ ጠፋ። ተሰርቄ ይሆን?

መልስ፦ አልተሰረቁም። ሻጩ ካርዱ የሚሠራ መሆኑን ለማረጋገጥ ትንሽ ገንዘብ ለጊዜው ያስይዛል፤ ከቀናት በኋላ ራሱ ይለቀቃል። ካርድዎን የትም ሳያስገቡ እንዲህ ያለ ትንሽ ሒሳብ ቢያዩ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከታች የጻፍኩትን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ፈረንጅ አራዳ የሕትመት ሥራ አለኝ። የምጠቀምበት ሶፍትዌር ዋጋው በዩሮ ነው፤ ካርዴ በዶላር ነው። ሻጩ ዋጋ አልጨመርኩም ይላል፣ መግለጫዬ ግን በየወሩ የተለያየ ነው። መዝገቤን በብር ስሠራውማ ጭራሽ እብደት ይመስላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ክፍያው ከዩሮ ወደ ዶላር የሚመነዘረው በየወሩ በዚያ ጊዜ ባለው ምንዛሪ ስለሆነ ሳንቲሞቹ ወይም ዶላሮቹ ይለያያሉ። በዚያ ላይ ባንኩ ለውጭ ግብይት የሚያስከፍለው ኮሚሽን አንዳንዴ ከዋጋው ጋር ተደምሮ፣ አንዳንዴ በሌላ መስመር ለብቻው ይወጣል። ያን ትንሿን መስመር ሁለተኛ ሶፍትዌር የመሰላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ሁለቱ መስመሮች ቀናቸው አንድ ወይም የተቀራረበ መሆኑን ይመልከቱ።

ብሩን በተመለከተ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ያስታውሱ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ የ20 ዶላር ሶፍትዌር በመዝገብዎ 1,140 ብር ያህል ይሆናል። በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ፤ ያው 20 ዶላር ከ2,000 ብር በላይ ሆነ። ሶፍትዌሩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በእርስዎ ላይ ግን ዋጋው ወደ እጥፍ ነው የተቃረበው። ደንበኛዎን የሚያስከፍሉት በብር ነውና የአንድ ገጽ ሕትመት ዋጋ ሲያወጡ ይህን ወጪ እንዳይረሱት። መዝገቡ ላይ ደግሞ ሦስቱንም ይጻፉ፦ ዩሮውን፣ ዶላሩን፣ የዕለቱን ምንዛሪ። በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተር ሲጠይቅ መልሱ እጅዎ ላይ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። «የጸረ ቫይረስ ደንበኝነትዎ ታድሷል፤ 399 ዶላር ተቆርጧል፤ ካልተስማሙ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መልስ፦ አባቴ፣ ስልኩን እንዳይደውሉ እለምንዎታለሁ። ይህ በዓለም ሁሉ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። የተቆረጠ ገንዘብ የለም፤ የሚፈልጉት ደንግጠው እንዲደውሉ ነው። ሲደውሉ «ገንዘቡን እንመልስልዎ» ብለው ኮምፒውተርዎን ከሩቅ ለመክፈት ወይም የምሥጢር ቁጥር ለመቀበል ይሞክራሉ። ማመን ያለብዎት ኢሜይሉን ሳይሆን የባንክ መግለጫዎን ነው። መግለጫው ላይ 399 ዶላር ከሌለ ክፍያ አልነበረም ማለት ነው። ኢሜይሉን ይሰርዙትና በሰላም ይተኙ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ፈለግሁ፤ ኢሜይል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ቤተሰብም አልገዛም ብሏል። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሁን ይፍጠኑ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ የካርድ ቁጥር የሰረቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ በትንሽ ገንዘብ ይሞክሩና ካለፈላቸው ትልቁን ይወስዳሉ። በካርዱ ጀርባ በታተመው ስልክ ለባንኩ ደውለው ካርዱን ያዘጉ፤ ከዚያ በአካል ቅርንጫፉ ሄደው የክፍያ ቅሬታ በጽሑፍ ያስገቡ። የመግለጫውን ቅጂ፣ የፈለጉባቸውን ቦታዎችና የደወሉበትን ሰዓት አያይዙ፤ ቅሬታው ለመድረሱም የተፈረመበት ወረቀት ይቀበሉ። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ለአብዛኛው ቅሬታ የተሰጠው ጊዜ 120 ቀን ገደማ ነው፤ ባንክዎ ከዚያ ያጠረ ቀን ሊሰጥዎ ስለሚችል እርሱን ይጠይቁ። መግለጫቸውን በዓመት አንድ ጊዜ የሚያዩ ሰዎች መብታቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው።

ፍለጋውን አስቀድመው መጨረስዎ መልካም ነው። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት የማላውቀው ስም እንዳየሁ ሳላጣራ «ማጭበርበር ነው» ብዬ ለባንክ አመለከትኩ። ክፍያው ግን ጽሑፎቼን የማስቀምጥበት አገልግሎት ዓመታዊ እድሳት ነበር። ሻጩ አካውንቴን ዘጋው፤ የሦስት ዓመት ሥራዬን እስካስመልስ አንድ ወር ሙሉ ስጻጻፍ ከረምኩ። ገንዘቡን የወሰደው የምታውቁት ሻጭ ከሆነና ጸባችሁ በዋጋው ወይም በእድሳቱ ላይ ከሆነ በመጀመሪያ ለእርሱ ጻፉ፤ ደንበኝነቱን ራሳችሁ ሰርዙ፤ የሰረዛችሁበትን ማረጋገጫም አስቀምጡ። ካርድ መቀየር ብቻውን ውል አያቋርጥም፤ አንዳንድ ባንኮች አዲሱን የካርድ ቁጥር በካርድ ድርጅቶቹ በኩል ለሻጩ ያስተላልፋሉና ክፍያው አዲሱ ካርድ ላይ ተከትሎ ሊመጣ ይችላል። በእርግጥ የተሰረቀ ከሆነ ግን ለማያውቁት ድረ ገጽ «ሰርዝልኝ» ብለው ስምዎንና ስልክዎን አይስጡ፤ ጉዳዩ ከባንኩ ጋር ብቻ ይለቅ። የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ደውሎ በስልክዎ የተላከውን የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅዎት ቢኖርም ስልኩን ይዝጉበትና ራስዎ መልሰው ለባንኩ ይደውሉ።