ባሕር የሌላት ከተማ ወደብ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራተኛ ክፍል ያለች ልጄ «ትልልቅ ከተሞች ወደብ አላቸው፤ የእኛስ የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ሰምታ «ለገሃር ነበራ!» አለቻት። እውነት ነው ወይስ ጨዋታ? ቅዳሜ ልወስዳት አስቤያለሁ። ምን ላሳያት? (አንባቢዎ ከአያት)

መልስ፦ እናትሽ እውነታቸውን ነው። ባሕሩ ጅቡቲ ቢቀርም ዕቃው የሚራገፈው፣ እንግዳው የሚወርደው፣ ዘመድ ዘመዱን አቅፎ የሚያለቅሰው ለገሃር ባቡር ጣቢያ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ብዙ ቆየ። ኩባንያው ከሰረ፤ የአውሮፓ መንግሥታት ሽኩቻም ተጨመረበት። ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው ጭነት በግመልና በበቅሎ ይመጣ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ይህን ሳያዩ አርፈዋል። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1922 ተመረቀ።

አባቴ ምድር ባቡር ዕቃ ክፍል ነበር የሚሠራው። ስለዚህ እኔ ለገሃርን የማውቀው ከጓሮው በኩል ነው። የድሬዳዋ ባቡር የገባ ቀን ሸሚዙ ብርቱካን ብርቱካን እየሸተተ ይመጣ ነበር። ቅርጫቶቹ ከፉርጎ ሲወርዱ አንዱ አይጠፋም፣ ተሰንጥቆ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል። እያንዳንዱ ዕቃ ትልቁ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ አባቴ ኪሎውን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። ነጋዴዎቹ ሴቶች ግን ልዩ ነበሩ። ከድሬዳዋ ያመጡትን ጨርቅ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ከላይ ሰፊ ቀሚስ ደርበው ይወርዳሉ። ፈታሾቹ ያውቃሉ፤ ሴቶቹም መታወቁን ያውቃሉ። ክርክሩ፣ ልመናው፣ እርግማኑ! ስንቱ ቤተሰብ በዚያ ጨርቅ ልጆቹን አስተምሯል። ስለ ለገሃር ሲጻፍ የንጉሡ ስም ይነሣል፤ እነዚህ ሴቶች ግን አይነሡም። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ጉዞው ራሱ ወግ ነበረው። በድሮ ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ነበር የሚገባው። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው አሮጌ ቡፌ የዚያ ማደሪያ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ሲል፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነው።

ኋላ ላይ መኪናው በለጠ። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲወር ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ፤ ጭነቱም ወደ አሰብ መንገድ ዞረ። ሐዲዱ ሲያረጅ በቂ ጥገና አላገኘም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መነሻው ፉሪ ለቡ ነው እንጂ ለገሃር አይደለም።

ወደ ቅዳሜው ልምጣ። ከአያት ስለሆንሽ በቀላል ባቡሩ ተሳፍራችሁ ለገሃር ፌርማታ ውረዱ። ልጅቷም በባቡር ብትደርስ ደስ ይላል። መጀመሪያ የይሁዳ አንበሳ ሐውልትን አሳዪያት። መቆሚያው ላይ የምኒልክ፣ የዘውዲቱ፣ የራስ መኮንንና የኃይለ ሥላሴ ምስል ተቀርጿል፤ ዞር ዞር እያለች አራቱን ራሷ ትፈልግ። ከዚያ ወደ ጣቢያው ሂዱ። በሩ ላይ ያሉትን ጥበቃዎች በትሕትና ጠይቂ፤ ባያስገቡሽም ፊቱን ከውጭ ታዩታላችሁ። ስትመለሱ ሕንፃውን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ሽቅብ ተመልከቱ። የቸርችል ጎዳና ቀጥ ብሎ እስከ ማዘጋጃ ቤት ይወጣል። ከባቡር የወረደ እንግዳ ከተማዋን መውጣት የሚጀምረው ከዚህ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ለገሃር ላይ ትልቅ የመልሶ ግንባታ ሥራ እንደተጀመረ ታውቂያለሽ። አሮጌው ጣቢያ በቅርስነት እንደሚጠበቅ መነገሩ ደስ ብሎኛል። ለእኔ ግን ወደቡ ሕንፃው ብቻ አልነበረም። መጋዘኖቹ፣ የሠራተኞቹ ቤቶች፣ ሻይ ቤቶቹም ነበሩ። እናትሽ የሚያስታውሱት ካለ ልጅሽ ስልክ ላይ ትቅዳላቸው። ብትልኩልኝ ከሌሎች አንባቢዎች ትዝታ ጋር እዚሁ አወጣዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጣሊያን ሮም የወሰደው አንበሳ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው ነው አይደል? ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረናል። (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ አይደለም፤ የተወሰደው የለገሃሩ ነው። በ1923ቱ የዘውድ በዓል ሰሞን የቆመ ነው። በወረራው ጊዜ ተነቅሎ ሮም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተተከለ። ዘርዓይ ድረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. በፋሺስቶች ላይ የተነሣው እዚያው አንበሳው አጠገብ ነው። ሐውልቱ አገሩ የገባው ከነጻነት በኋላም ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው። የብሔራዊ ቴአትሩ አንበሳ የድንጋይ ነው፤ የተሠራውም በ1948 ለተከበረው የንግሥና 25ኛ ዓመት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነውና ሁለቱንም ሄዳችሁ እዩ።