ሬዲዮው አንድ ሆኖ ለምን አይሰማሙም? (ለጠየቀው ወንድማችን)

ወንድሜ፣ እንኳን ለአዲሱ ሥራ አበቃህ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ካሉት ካውንቲዎች በአንዱ የሬዲዮ ክፍል ገብተሃል። «ላይሰንስ የሚሰጠው ኤፍ.ሲ.ሲ. ከሆነ፣ አንድ ፍሪኩዌንሲ ለመጨመር የክልሉን ኮሚቴ ለምን እንጠብቃለን? ደግሞስ ሁሉም ሬዲዮ ፒ 25 ከሆነ የእኛና የጎረቤት ካውንቲ እሳት አደጋ ሠራተኞች ለምን አይሰማሙም?» ነው ያልከው። (ለሌሎች አንባቢዎች፦ ኤፍ.ሲ.ሲ. የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው፤ ፒ 25 ደግሞ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሬዲዮዎች የሚሠሩበት የጋራ የዲጂታል ደረጃ ነው።)

እኔ እዚሁ አካባቢ በዚህ ሥራ 17 ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ማማ ላይ ለሚወጡት መሣሪያ አቀብል ነበር። ከዚያ የእጅ ሬዲዮ ፕሮግራም ማድረግ ገባሁ። አሁን አንተ የጠየቅህበት ስብሰባ ላይ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ከኮሚቴው ልጀምር። በ1987 ኤፍ.ሲ.ሲ. በ800 ሜጋኸርዝ ላይ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ የሚሆን ቦታ ለየ። አገሪቱም በ55 ክልሎች ተከፈለች። እያንዳንዱ ክልል የራሱን ዕቅድ እንዲያወጣ ተደረገ። የእኛ ክልል 20 ይባላል። ሜሪላንድን፣ ዲሲንና ሰሜን ቨርጂኒያን ይይዛል። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት እንደ እኔና እንደ አንተ ያሉ የሬዲዮ ሰዎች፣ የእሳት አደጋ ኃላፊዎችና ፖሊሶች ናቸው። ለኮሚቴው ሥራ ተብሎ የሚከፈላቸው ነገር የለም።

አባቴ ገበሬ ነበር። አገር ቤት አንድ ወንዝ ጠልፈው የሚያጠጡ ሰዎች የውሃ አባት ይመርጣሉ። ውሃው የመንግሥት ነው፤ ይሄን ማንም አይክድም። ግን ላይኛው ማሳ ዛሬ ሌሊት ካጠጣ ለታችኛው መቼ እንደሚደርሰው፣ የማን ቦይ እንደሚያፈስ የሚያውቀው የውሃ አባቱ ነው። ኮሚቴውን እንደዚያ አድርገህ እየው። ፈቃዱ የኤፍ.ሲ.ሲ. ነው። ማን ቢጠቀም ማን እንደሚጎዳ የሚያውቁት ግን እዚሁ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው።

ሞገድ የካውንቲ ድንበር አያውቅም። በብዙ የክልል ዕቅዶች ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ታገኛለህ፤ 40 ዲቢዩ እና 5 ዲቢዩ (ዲቢዩ የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው)። የመጀመሪያው አንተ አገልግሎት የምትሰጥበት ሲግናል ነው። ከካውንቲህ ወሰን ጥቂት ማይል ብቻ እንዲያልፍ ይፈቀድልሃል። ሁለተኛው ጉዳት የሚጀምርበት ነው። ያው ፍሪኩዌንሲ ያለው ሌላ ካውንቲ የሚሠራበት ቦታ ድረስ ያ ደካማ ሲግናልህ እንኳ እንዳይደርስ ይፈለጋል። ለዚህ ነው አንዳንዴ አንቴናህን ዝቅ አድርግ፣ ኃይሉን ቀንስ፣ ወደ መሬት አዘንብለው የምትባለው። ማማ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል ብሎ የሚመጣ አዲስ ሰው ብዙ አይቻለሁ።  በበጋ ሞቃታማ ሌሊት ደግሞ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ አየሩ እንደ ቧንቧ ሆኖ ሲግናሉን ሩቅ ይወስደዋል። ያኔ በወረቀት ላይ የማይነካካው ሁሉ ይነካካል።

ድንበርህ አካባቢ ከሆንክ የጎረቤት ክልሎችም ይጠየቃሉ። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ክልል 28 የሚባለው ነው፤ ምሥራቅ ፔንሲልቬኒያ፣ ደላዌርና ደቡብ ኒው ጀርሲ ማለት ነው። ምዕራብ ፔንሲልቬኒያ፣ የቀረው ቨርጂኒያና ዌስት ቨርጂኒያም አሉ። እነሱ ከተስማሙ በኋላ ወረቀቱ ወደ ፍሪኩዌንሲ አስተባባሪ (ኤፍ.ሲ.ሲ. ማመልከቻዎችን እንዲያጣራ የሰየመው ድርጅት) ይሄዳል። ኤፍ.ሲ.ሲ. የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። የሚዘገየው ለዚህ ነው።

እኔም መጀመሪያ ላይ ይሄ ጥበቃ ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን ግን እኛ ያስገባነውን ማመልከቻ አንድ የጎረቤት ክልል ሰው አየና «ይሄ ኮረብታ እኮ እናንተ ከጻፋችሁት በጣም ይበልጣል» አለን። ቦታውን በመኪና ሲያልፍበት ያውቀዋል። ሄደን ስናጣራ የመሬቱን ከፍታ ሳናጣራ ከሌላ ማማ ገልብጠን ነበር የጻፍነው። እንደዚያው ቢጸድቅ ኖሮ የእነሱን እሳት አደጋ ቻናል እንረብሽ ነበር። ኮምፒውተሩ አልያዘውም። ሰውዬው ያዘው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። እኔ የምር የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ፒ 25 ቋንቋ ነው በለው። ሁለት ሰዎች አማርኛ ስላወቁ ብቻ ስልክ ቁጥራቸውን ይተዋወቃሉ ማለት አይደለም። የአንተ ሬዲዮ የጎረቤቱ ሲስተም ውስጥ መመዝገብ አለበት። የንግግር ቡድኑ (አብረው የሚነጋገሩት የሚጋሩት መስመር) በሬዲዮው ውስጥ መጫን አለበት። ቻናሉ በምስጠራ ከተቆለፈ ደግሞ ያው ቁልፍ ሊኖርህ ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሁለት አዲስ ውድ ሬዲዮዎች ጎን ለጎን ቆመው አይሰማሙም።

ሁሉም እንዲገናኝባቸው የተተዉ የጋራ ቻናሎች አሉ። በ800 ላይ አንድ የመጥሪያ አለ፤ ኤይት ኮል 90። አራት የሥራ ደግሞ አሉ፤ ከኤይት ታክ 91 እስከ 94። ዲጂታል አይደሉም፤ ተራ አናሎግ ናቸው። ቶናቸው (ከንግግሩ ጋር አብሮ የሚላከው መለያ ድምፅ) በመላ አገሪቱ 156.7 ኸርዝ ነው። ሥራ ስጀምር እነዚህ ቻናሎች ከ866 ወደ 851 ሜጋኸርዝ አካባቢ እየተዛወሩ ነበር። ኤፍ.ሲ.ሲ. ያንን ያዘዘው በ2004 ነው፤ የሞባይል ኩባንያ ሲግናል የፖሊስና የእሳት አደጋ ሬዲዮን ስለሚረብሽ። ዝውውሩ ካለቀ ከዓመታት በኋላ አንድ ጣቢያ ጀርባ የቆመ የመጠባበቂያ መኪና ውስጥ 866 ላይ የቀረ ሬዲዮ አገኘሁ። ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ትክክል ነው። ውስጡ ያለው ቁጥር ግን የሞተ ነው። ያንን መኪና አንድ ቀን ሦስት ካውንቲ የተጠራበት እሳት ላይ ይዘውት ቢወጡስ?

አንድ ልምምድም ልንገርህ፤ ካውንቲዎቹን አልጠራም። የጭስ ልምምድ ነበር። ሁሉም ኤይት ታክ 92 ላይ ግቡ ተባሉ። አንድ ቡድን ሕንፃው ውስጥ ገባ። ኮማንደሩ ይጠራቸዋል፣ መልስ የለም። እነሱ ግን እሱን ጥርት አድርገው ይሰሙታል፤ ይመልሱለታልም። ምን ሆኖ ነበር? በሪፒተር ስትናገር የእጅ ሬዲዮህ በ807 አካባቢ ይልካል፤ ማማው ተቀብሎ በ852 ይረጨዋል። እነሱ የያዙት ግን ቀጥታ የሚባለውን የዚያኑ ቻናል ወንድም ነው፤ በስሙ መጨረሻ ላይ «ዲ» ብቻ ይጨመርበታል። በቀጥታ ሬዲዮው ራሱ በ852 ይልካል። ማማው አይሰማውም። በቅርብ ያለ ብቻ ይሰማል። አንዲት ፊደል ናት። ልምምድ ባይሆን ኖሮ ሕንፃው ውስጥ ያሉ ሰዎች «ውጡ» ሲባሉ ሰምተው፣ «አንዱ ጓዳችን ወድቋል» ያሉት ግን ለማንም አይደርስም ነበር። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይሄ ሁሉ ከየት መጣ ካልከኝ ከዚሁ ከተማ ነው። ጥር 13 ቀን 1982 በረዶ እየወረደ ኤር ፍሎሪዳ በረራ 90 የ14ኛውን ጎዳና ድልድይ መትቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ። 78 ሰው ሞተ፤ አራቱ ድልድዩ ላይ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲያልፍ የምድር ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ሦስት ሰው ሞተ። ከዲሲም ከቨርጂኒያም የመጡት የራሳቸውን ሬዲዮ ይዘው መጡ። እርስ በርስ መነጋገር አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ነው የአካባቢው አዛዦች ጠንክረው አብረው መቀመጥ የጀመሩት።

በ2001 ፔንታጎን ሲመታ የአርሊንግተን እሳት አደጋ አዛዥነቱን ያዘ። ሥራው ተሳካ ከተባለባቸው ምክንያቶች አንዱ ሰዎቹ ቀድመው መተዋወቃቸውና መተማመናቸው እንደሆነ የመስከረም 11 ኮሚሽን ጽፏል። ልብ በል፣ ያን ቀንም ሬዲዮው ተጨናንቆ ነበር። አንዳንዴ ከሁሉ የሚታመነው መልእክት በእግር የሚሮጥ ሰው የያዘው ነበር። በ2015 ደግሞ ዲሲ ላንፋንት ፕላዛ የምድር ባቡር ዋሻ ውስጥ ጭስ ሲሞላ የእሳት አደጋዎች ሬዲዮ ዋሻው ውስጥ በደንብ አልሠራም። አንዲት ተሳፋሪ ሞተች።

ስለዚህ ሰኞ ስትገባ ምን ታድርግ? በመጀመሪያ የመጠባበቂያ መኪናዎቹን ሬዲዮ ተራ በተራ አውጣ። የጋራ ቻናሎቹ መኖራቸውን፣ ስማቸው በመላ አገሪቱ እንደሚጠራው መሆኑን፣ ቶኑ 156.7 መሆኑን፣ ሪፒተሩና ቀጥታው ለየብቻ መቀመጣቸውን እይ። ስሙን ለራሳችን ይመቸናል ብሎ የቀየረ ካለ መልሰው። በየሬዲዮው ላይ በአንድ ቦታ ብታስቀምጣቸው ደግሞ ጓንት ያደረገ ሰው ጨለማ ውስጥ ቆጥሮ ያገኛቸዋል።

ከዚያ ዲስፓቸሮቹን (ጥሪ ተቀብለው ሠራተኛ የሚያሰማሩትን) ጠይቅ። ኤይት ኮል 90ን የሚያዳምጥ ሰው አለ ወይ? ቻናሉ ኖሮ ሰሚ ከሌለው ዋጋ የለውም። ካውንቲ ለካውንቲ ስትነጋገሩ የ10 ኮድ (በቃል ፋንታ በቁጥር መናገር) ተዉት። አንዱ ጋ የመኪና አደጋ የሆነው ቁጥር ሌላው ጋ ሌላ ነገር ነው። እኔ እንግሊዝኛ በዘዬ የምናገር ሰው ነኝ፤ ግልጽ ቃል ቀስ ብሎ ሲነገር ሁሉም እንደሚሰማው በደንብ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ስብሰባው ነው። የኮሚቴው ስብሰባ ክፍት ነው። አለቃህን አስፈቅድና ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ። ከአጎራባች ካውንቲዎቻችሁ የሬዲዮ ኃላፊዎች ጋር አስተዋውቅሃለሁ። ስልካቸውን ያዝ። ያንን ማመልከቻህንም ይዘህ ና፤ የመሬቱን ከፍታ አብረን እናየዋለን።