«ጃጁ» ከማለት በፊት

እህቴ፣ አባትሽ ከሆስፒታል ሲወጡ በተሰጠሽ ወረቀት ላይ ስላሉት ዴሊሪየም፣ ዲሜንሺያ፣ ፖሊፋርማሲ እና ፓሊየቲቭ ስለሚሉት ቃላት ጠይቀሻል። ሐኪም አይደለሁም፤ አባቴን ከመንዝ ደብረ ብርሃን አምጥቼ 4 ዓመት ስላስታመምኩ ግን ከቃላቱ ጋር ተዋውቀናል።

ከሁሉ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለዪ። ዲሜንሺያ የመርሳት ሕመም የምንለው ነው፤ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል። ዴሊሪየም ግን በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የሚጥል የአእምሮ መታወክ ነው፤ ጠዋት ሻል ይልና ማታ ይብሳል። አባቴ ማክሰኞ በገብስ ዋጋ ሲከራከሩ ውለው፣ ሐሙስ ሌሊት ከሞተ ሃያ ዓመት ያለፈውን በሬያቸውን ይጠሩ ጀመር። የጋቢያቸውን ክር በጣታቸው ይለቅማሉ፤ እኔን አያውቁኝም። ሊጠይቅ የመጣው ዘመድ ሁሉ «በቃ፣ ጃጁ» አለ፤ እኔም አመንኩ። ሁለት ቀን ያባከንነው በዚህች ቃል ነው። ሲመረመሩ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተገኘባቸው። ትኩሳት እንኳ አልነበራቸውም፤ አረጋውያን ላይ እንዲህ ያጋጥማል። ውኃም ከሰውነታቸው አልቆ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፤ በእኛ ብርድ ደግሞ ውኃ ማን ያስታውሳል? መድኃኒቱን በጀመሩ በሳምንቱ የገብሱን ክርክር ካቆሙበት ቀጠሉ። አንቺም ለሐኪሙ መቀባጠር የጀመሩበትን ቀን ሳትጠየቂ ንገሪው።

ፖሊፋርማሲ የመድኃኒት መብዛት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የሚባለው። ቤት ያለውን ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። አባቴን ለኪዳን ሲነሡ ያዞራቸው የነበረው የደም ግፊት መድኃኒታቸው ነበር። ሰው ከተነሣ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት በ20 ወይም ከዚያ በላይ ሲወርድ ኦርቶስታቲክ ሃይፖቴንሽን ይሉታል። መጠኑ እስኪስተካከልላቸው ድረስ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀምጠው ነበር የሚቆሙት።

ፓሊየቲቭ ሕመምንና ጭንቀትን የሚያስታግስ ሕክምና ነው፤ ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎንም ይሰጣል። በእኛ ቤት ቃሉ የተጻፈ ዕለት አጎቴ የንስሐ አባታቸውን ሊጠራ ከዘራውን አንሥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ፋሲካ አብረን ፈስከናል።