ገደቡ ማንን ነው የሚጠብቀው?

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በጥብቅና ሥራ አርጅቻለሁ። ወጣቶች ሲያገኙኝ ቶሎ የሚያነሱት ጥያቄ «መናገር ገደብ አለው ወይ?» የሚል ነው። አለው። በብሔር ወይም በሃይማኖት ለይቶ «ምቷቸው» የሚል ሰው መጠየቅ አለበት። አዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን መከልከሉን እደግፋለሁ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ያየ የሸዋ ሰው የጥላቻ ቃልን በቀላሉ አያልፍም።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ገደብ ነው፤ ባለሥልጣን ለራሱ ብሎ የሚያወጣው። ሁለቱም «ለሰላም» ብለው ስለሚጀምሩ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። መለያው ይህ ጥያቄ ነው፦ የሚጠብቀው ማንን ነው? ጎረቤቴን ከሆነ እሰየው። ወንበሩን ከሆነ ግን ነገር አለ።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ያወጣው የመጀመሪያ አዋጅ «ኢትዮጵያ ትቅደም»ን መቃወም ከለከለ። ሀገሩ እንድትቀድም የማይፈልግ ማን አለ? ግን ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ደርግ ብቻ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅም በንግግር ወይም በጽሑፍ ሽብርን «ማበረታታት»ን ከ10 እስከ 20 ዓመት እስር ያስቀጣ ነበር። ትርጉሙ ሰፊ ስለነበር ትችትም ገባበት። በዚያ አዋጅ ጋዜጠኞች ታስረዋል።

አምባገነን ምኑን ነው የሚፈራው? የአንድ ሰው ንግግር ብቻ አይመስለኝም። ሁላችንም ያንኑ እንደምናስብ መተዋወቃችንን ነው። ለቅሶ ቤት የማዳበሪያ ነገር ሲነሳ ልብ ብላችሁ እዩ። ከእነዋሪ የመጣው ገበሬ ወሬውን ይጀምራል። አንዱ ወደ በሩ ያያል፣ ሌላው በክርኑ ይጎሽመዋል፣ ወሬው ወደ ውርጩ ይዞራል። ሁሉም የተናደደው በአንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ግን ብቻዬን ነኝ እያለ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ፖሊስም አያስፈልግ።

ይህ ዝምታ ሰው ይገድላል። የ1965ቱ የወሎ ረሃብ ተደብቆ ሕዝብ አለቀ። መስከረም 1977 ላይ ደርግ 10ኛ ዓመቱን በድግስ ሲያከብር፣ እሱም በተራው አዲሱን ረሃብ ደበቀው። እርዳታ ዘገየ።

እና እባካችሁ፣ ስለ ጥላቻ ንግግር አዋጁ የሰማችሁትን ትታችሁ አዋጁን ራሱን አንብቡ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 ጨምሩበት፤ ቅድመ ምርመራን (ሳንሱርን) በግልጽ ይከለክላል። የማትወዱት ሰው በንግግሩ ሲከሰስም ያችኑ ጥያቄ ጠይቁ። ችሎት ሂዱና ክሱ ሲነበብ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ።